የዳናኪል የ3 ቀን ጉዟችን እንዴት ነበር

ከሰመራ ተነስተን በአስጎብኚ ድርጅት ዳናኪል ወርደን መጣን፣ እና በጣም ነው የወደድኩት። አሳሌ ጨው ሜዳ ከባህር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ዙሪያው ነጭ በነጭ፣ ሙቀቱ ደሞ ፊት ላይ እንደ ምጣድ ነው ሚመታው። ጨው ቆራጮቹን ቆመን አየናቸው፣ አንዱ በእንጨት ፈልቅቆ ያነሳውን ሌላው ጠርቦ ጠርቦ እኩል እኩል ያደርገዋል፣ መለኪያ የለ ምን የለ በዓይኑ ብቻ! ድሮ እንደ ብር ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ እኮ ይሄው ነው።

ጋይዳችን የአፋር ልጅ ነው፣ በጣም ጎበዝ ልጅ። መንገድ ላይ ግመል ነጂ ባገኘ ቁጥር መኪናውን አስቁሞ ዳጉ (አፋሮች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ወሬ) ይለዋወጣሉ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ምንም ሳይዘሉ፣ ኔትወርክ በሌለበት ወሬ እንዴት እንደሚደርስ ያኔ ነው የገባኝ። ከላይ በሰሌን የሚለብሰውን የአፋሮቹን ቤትም አሳየን፣ ሲሄዱ አፍርሰው ግመል ላይ ይጭኑታል።

ቅር ያለኝ ውሃው ነው፣ በ2ኛው ቀን ከሰዓት አለቀብን፣ እዛ ሙቀት ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ድርጅቱ ማስተካከል አለበት። የምትሄዱ ሰዎች የራሳችሁን ውሃ ጨምራችሁ ያዙ፣ ከህዳር እስከ ጥር ባለው ብትሄዱ ደሞ ይሻላችኋል።