የቤት ብር ከጀርመን ድሬ፦ ማን ሠራ፣ ማን አደከመኝ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር ያለውን ቤት ልገዛ ስነሳ ዘመድ ሁሉ የመከረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ብሩን በአጎትሽ አካውንት አስገቢው፣ እሱ ይጨርሰዋል።» አጎቴን አምነዋለሁ። ግን ነገ ክርክር ቢነሳ ከፋይ ሆኖ ወረቀት ላይ የሚታየው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። በራሴ ስም የውጭ ምንዛሪ አካውንት ከፈትኩ። አጎቴ ትንሽ አኮረፈ። በርጫ ላይ ነገሩ ሲነሳ አንድ የሕግ ሰው ወዳጁ «አቦ ተዋት፣ ልክ ናት» ስላለው ለቀቀኝ።

አካውንቱን የከፈትኩት ከዚራ ሠፈር ያለ ባንክ ነው። የዳያስፖራ ጉዳይ የያዘችው ልጅ ጎበዝ ናት። ቢጫ ካርዴን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ እና ፓስፖርቴን አይታ የአካውንት ቁጥሬን፣ ስሜን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ባንኩ ከውጭ ገንዘብ ሲላክለት የሚለይበትን ስዊፍት ኮድም በማኅተም ጽፋ ሰጠችኝ። ይሄ ወረቀት ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ባንክ ፎርም አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአካውንት ቁጥር ይጠይቃል፤ እኛ አገር አይባን የሚባል የለም። የአያት ስም ቢጎድል ወይም ፊደል ቢለያይ ብሩ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። አካውንት ቁጥር በቴሌግራም ከተላከልኝ ደግሞ ራሴ ደውዬ ሳላረጋግጥ ሳንቲም አልልክም።

የጀርመኑ ባንኬም አልከፋም። በቀን የሚላከውን ገንዘብ ጣሪያ ከመምጣቴ በፊት አስነስቼ ነበር። ከ50,000 ዩሮ በላይ ወደ ውጭ ሲላክ ለጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ሪፖርት ይደረጋል፤ አላፊነቱም የላኪው ነው። የመላኪያውን ወጪ ሙሉ በሙሉ እኔ እንድከፍል መረጥኩ፤ አለበለዚያ እዚህ የሚደርሰው ተቀንሶ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ዩሮ ልኬ መድረሱን ካየሁ በኋላ ነው ዋናውን የለቀቅኩት። ወደ ብር ለማስቀየር ግን አልቸኮልኩም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ዋጋቸውን ራሳቸው ነው የሚያወጡት። በዚህ መጠን ላይ የአንድ ብር ልዩነት የባጃጅ ሒሳብ አይደለም።

ደላላውን ግን ለማንም አልመክርም። ካርታውን በቅጡ ሳላይ «እህቴ፣ ከጅቡቲ የመጣ ገዢ አለ፣ ዛሬ ማታ ቀብድ በእኔ አካውንት አስገቢ» ይለኛል። ቀብድ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። እሺ፣ ደላላው አካውንት ውስጥ ያለውን ብር ሻጩ እንዴት አድርጎ እጥፍ ይመልሳል? የጅቡቲው ሰውዬ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ምስጋናው የሚገባው ለጠበቃዬ ነው። ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑን ከመሬት አስተዳደር ሳያጣራ ብር እንዳይነካ አለ። ሻጩ ፊርማ በፊት ብሩን ይፈልጋል፤ እኔ ብር በፊት ፊርማውን። መፍትሔው ሲፒኦ፣ ባንኩ ራሱ ያረጋገጠው የክፍያ ሰነድ ነው። ባንኩ ብሩን ከእኔ አካውንት አስቀድሞ ቆርጦ በሻጩ ሙሉ ስም ያዘጋጃል። ሻጩ ደረቅ ቼክ ይሆንብኛል ብሎ አይሰጋም። እኔም እስኪፈረም ድረስ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቁጥሩንም ውሉ ላይ አስጻፍነው። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ብሩን ያስቀየርኩበት ሌላው ባንክ ሲፒኦውን ለመሥራት «ሲስተም የለም» እያለ አመላለሰኝ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ደግሞ በዚያ ሙቀት ማንን ታገኛላችሁ? ድሬ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ጠዋት 2 ሰዓት በር ላይ ይገኝ።

ውልና ማስረጃ ስንደርስ ሠራተኛው የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ ጠየቀ። ባለቤቱ ጅጅጋ ናት። «እሷ ትምጣ ወይም ውክልና ትላክ» ብሎ መለሰን። ሻጩ ተበሳጨ። እኔ ግን ሰውዬውን ልስመው ነበር። የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፤ ያኔ ዝም ብሎ ቢያሳልፈን ኖሮ ነገ ፍርድ ቤት የምንከራተተው እኔና ልጆቼ ነን። እሷ መጥታ ሁለቱም ሲፈርሙ ሲፒኦውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስረከብኩ፤ መቀበሉንም ፈረመልኝ።

ትንሽ ገንዘብ በስምምነት ይዤአለሁ፤ የምከፍለው ስሙ ሲዞር ነው። ለጠበቃዬም ውክልና ሰጥቻለሁ፤ ስም ለማዞርና ካርታ ለመረከብ ብቻ የሚያገለግል። አጎቴ ያንንም አስነብቦ አዳመጠ። «መሸጥ የሚል የለበትም አይደል?» አለኝ። የለበትም።