ሸራ ለሚያሰፋ ሁሉ፦ የኮምቦልቻውን ጋሼ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች! የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ልጆች በተለይ ይቺን አንብቡልኝ።

እኔና ወንድሜ ሐይቅ ከተማ ግቢያችን ውስጥ በኮምፔንሳቶና በዋንዛ እንጨት የነፋስ ጀልባ ስንሠራ መክረማችንን ሰፈሩ ያውቃል፤ የሳቀብንም አልጠፋ። እንጨቱን ገጠምን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣ ቫርኒሹን ደራረብን። የቀረው ሸራው ነበር። እኛ የምናውቀው ታንኳ በመቅዘፊያ የሚሄደውን ነው፤ የጀልባ ሸራ የሚሰፋ ሰው ወሎ ውስጥ ከየት ይገኛል?

ኮምቦልቻ ተገኘ። በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ እዚያ ስለሆነ የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ አይጠፋም። የጠየቅናቸው ሁሉ ልኩን ተቀብለው «ነገ ውሰዱ» ነበር የሚሉት። አንድ አዛውንት ብቻ (ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ጋሼ ልበላቸው) ሥዕሉን ገልበጥበጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ንፋሱ የቱ ጋ ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ። ጀልባ በዕድሜያቸው ሰፍተው አያውቁም እኮ!

ነገሩም እሱው ነው። ጠፍጣፋ ሸራ ከኋላ የመጣ ነፋስ ይገፋዋል እንጂ ነፋሱ በጎን ሲመጣ ደህና አይሠራም፤ ሆድ፣ ማለትም ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ያስፈልገዋል። ሆዱ የሚወጣው ደግሞ የሚጋጠሙት ቁራጮች ጠርዛቸው ጎበጥ ተደርጎ ሲቆረጥ ነው። ጋሼ «ይሄማ የቀሚስ ወገብ ማለት ነው» አሉና ጨርቁን ሲሚንቶው ላይ ዘረጉት፤ ቀጭን የሸምበቆ ስንጣቂ አጉብጠው በሚስማር ያዙና በጠመኔ ተከትለው አሰመሩ። ጫማቸውን አውልቀው ጨርቁ ላይ እየተንፏቀቁ ነው ይህን ሁሉ የሚሠሩት።

ሐቀኝነታቸውን ደግሞ ስሙ። የራሳቸውን ሸራ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። «የኔ ለሲሚንቶና ለስንዴ ነው፤ ከላይ ከከበደ ይገለብጣችኋል» ብለው ቀላል ፖሊስተር እንድንገዛ ላኩን። ቀጥ ያለ ስፌት ጨርቁ ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል ብለውም መጋጠሚያውን ዚግዛግ ማሽን ያለው ጎረቤታቸው ዘንድ ወስደው እዚያው ቆመው አሰፉት። ሦስቱን ማዕዘን ደራርበው አጠንክረው የናስ ቀለበት መቱበት። የከተማችን ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ ማዕዘኑ ቢቀደድብህ ቀልድ አይደለም።

ሸራው ሲሰቀል ለማየት ሐይቅ ድረስ መጡ። ነፋስ ሲነሳ የኋላው ጠርዝ ይርገበገብ ጀመር። እኛ ደስታችን ላይ ስለነበርን ልብም አላልነው፤ እሳቸው «አውርዱት» አሉ። ዳር ላይ ተቀምጠው በጠርዙ እጥፋት ውስጥ ቀጭን ገመድ አሳለፉበት። ገመዱን ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት ዝም አለ። ለዚህ ጭማሪ ክፈሉ አላሉም፤ የትራንስፖርቱን እንኳ በግድ ነው ያስያዝናቸው።

የጀልባዋ ስም ላይ ተጨቃጭቀናል። የዜማ ቅኝት ስም ይሁን ተባለ። ወንድሜ አምባሰል ሲል እናቴ «ተራራ ውኃ ላይ ምን ይሠራል?» አለች። እኔ ባቲ አልኩ፤ ጋሼ «ቆላውንማ ተዉት፣ ጥማት ነው» ብለው ሳቁ። አንቺሆዬ ተባለች። ወንድሜ በዘይት ቀለም አፍንጫዋ ላይ ጻፈው፤ ሆዬው ትንሽ ተንጋዷል። ቡና ተፈላ፣ ፈንድሻ ተበተነ፣ ጋሼ ዱዓ አደረጉልን፤ ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል መቅዘፊያ ሳንነካ ሄድን።

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

የመኪና፣ የባጃጅ፣ የድንኳን ሸራ ያላችሁ ሂዱ፤ የሚያስከፍሉት በሜትር ነው፣ ለእኛም ያው ነበር። ግን ካጣደፋችኋቸው ሥራውን ይመልሱላችኋል፤ ስልክም ቶሎ አያነሱም። ቦታውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ሰኞ ብቻ አትሂዱ፣ ባቲ ገበያ ይወርዳሉ።