ነጻ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ዘመቻ፦ እናቴን ይዤ ሄጄ ያየሁት

እናቴ «ሞራው ይብሰል» እያለች ሁለት ዓመት ጠበቀች። እንዲህ ያላት ጎረቤት ነው። ነገሩ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም፤ ድሮ ቀዶ ጥገናው ሌላ ዓይነት በነበረበት ጊዜ ሐኪሞችም ሞራው እስኪጠና ይጠብቁ ነበር። አሁን ግን አያስፈልግም። እንዲያውም በጣም የጠነከረ ሞራ ለማውጣት የበለጠ ያስቸግራል። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ካለ ይበስላል ብላችሁ አትቀመጡ። አስመርምሩት።

ቀኝ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ሌላ ምንም የማያይበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ነጻ የሞራ ዘመቻ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሰማን። ሐኪሞቹ ከሌላ ቦታ መጥተው፣ የአንድ ጤና ተቋም ክፍሎችን ለአራት ቀን ይዘው ይሠሩና ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። የማን ዘመቻ እንደሆነ አልጽፍም። ቅሬታዬ ከእነሱ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው፤ እንደነሱ እየተዘዋወረ የሚሠራ ማንም ሊገጥመው የሚችል ነገር ነው።

በመጀመሪያ ለምን እንዲህ ዓይነት ነገር እንደሚያስፈልግ ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ሪፖርት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዓለም ላይ ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰው የዕይታ ችግር አለበት። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ችግር መከላከል ይቻል የነበረ ወይም መፍትሔ እያለው ያልታከመ ነው። መፍትሔው ደግሞ ብርቅ ነገር አይደለም። አብዛኛው መነጽርና የሞራ ቀዶ ጥገና ነው። ድሃ አገሮች ውስጥ ግን ያሉት ጥቂት የዓይን ሐኪሞች ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ተሰባስበዋል፣ መሣሪያውም እዚያው ነው፤ ዓይኑ የጠፋበት ሰው ያለው ደግሞ ገጠር ነው። ሰውየው ወደ ሐኪሙ መሄድ ስላልቻለ ሐኪሙ ወደ ሰውየው ይሄዳል። ዘመቻ ማለት ይሄው ነው።

የምርመራው ቀን ረጅም ነበር። ገና ሳይነጋ ደረስን፣ ወረፋው ግን ከኛ በፊት ግቢውን ዞሮ ነበር። ቢሆንም ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ አንዲት ነርስ በርቀት በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ያሉትን ምልክቶች አቅጣጫ በእጅ አሳዩ እያለች ዕይታ ትለካለች፤ ማንበብ የማይችል ሰውም አይቸገርም። ቀጥሎ ሐኪም በባትሪና በመሣሪያ ያያል። ከዚያ የዓይኑን ርዝመት የሚለካ መሣሪያ አለ። ይህን ክፍል በጣም ወደድኩት፣ ምክንያቱም ሞራው፣ ማለትም የደፈረሰው የዓይን ሌንስ፣ ሲወጣ በቦታው የሚተካው ሰው ሠራሽ ሌንስ ቁጥር የሚታወቀው በዚህ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ሳይለኩ ለሁሉም ሰው ተመሳሳይ ቁጥር የሚያስገቡ ዘመቻዎች አሉ፤ እንደዚያ ሲሆን ሰውየው ሞራው ወጥቶለትም አጥርቶ ላያይ ይችላል። የመረጡትን ዓይን ደግሞ ከበላዩ ግንባሯ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ምልክት አደረጉበት። «እማማ፣ ይቺን እንዳያነሷት» አሏት። ሌሊቱን ሙሉ ፕላስተሩን በእጇ እየዳሰሰች አደረች።

ከኋላችን የነበሩ አንድ ሰው ግን ተራቸው ደርሶ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። «ሞራ አይደለም፣ ግፊት ነው» ተብለዋል። ግላኮማ ማለት ነው። ግላኮማ የዓይኑን ነርቭ ይጎዳል፣ የጠፋው ዕይታ አይመለስም፣ የቀረውን ለማዳን ግን ዕድሜ ልክ ጠብታ ወይም ሌላ ሕክምናና ክትትል ያስፈልጋል። ሪፈር ጽፈው ሰጧቸው። ወረቀቱ የሚልካቸው ሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሰውየው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው አልነበረም። እኔ የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው። ለሞራ በመጣ ዘመቻ ላይ ሞራ የሌለው ሰው ትርፍ ሰው ይሆናል፣ ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ከእናቴ ይልቅ እኮ የሚቸኩለው የእሳቸው ዓይን ነበር።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ግን ግሩም ነው። ገብታ እስክትወጣ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሙሉ ሰመመን የለም፤ የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነው። ነርሷ በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የምትሆን መክፈቻ አግድም እንደ ዋሻ አድርገው ይከፍታሉ፣ ሞራውን በዚያ አውጥተው ሌንሱን ይተካሉ፣ መክፈቻዋ በዓይኑ በራሱ ግፊት ትዘጋለች። ስፌት የለውም። ውድ ማሽንም አይፈልግም፣ ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታም ይሠራል። ይህን ዓይነቱን ቀዶ ጥገና ለድሃ ሰው እንዲደርስ አድርገው ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ኔፓላዊው ዶክተር ሳንዱክ ሩይት ናቸው።

የሌንሱ ታሪክም ደስ ይላል። የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ ያስገቡት እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ናቸው፣ በ1949 ለንደን ውስጥ። ከዚያ በኋላም ግን ለብዙ ዓመታት ድሃ አገር ያለ ሰው ሞራው ሲወጣለት የሚሰጠው ወፍራም መነጽር ነበር። መነጽሩ ከተሰበረ መልሶ ማየት ያቅተዋል። ሌንሱ በጣም ውድ ስለነበር ነው። በ1992 ሕንድ ማዱራይ ውስጥ አውሮላብ የተባለ ፋብሪካ ተቋቁሞ ሌንሱን በርካሽ ማምረት ጀመረ፣ ኤርትራና ኔፓል ውስጥም ፍሬድ ሆሎውስ ፋውንዴሽን በተባለ የዓይን ሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ ፋብሪካዎች ተከፈቱ፣ ዋጋውም ወረደ። እናቴ ዓይን ውስጥ ያለችው ቁራጭ ፕላስቲክ እንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዛ ነው የደረሰችው።

በማግሥቱ ጠዋት ፋሻውን ፈቱላት። እኔን ታያለች ብዬ ፊቷ ቆሜ ነበር። እሷ ግን ያየችው እጄ ላይ ያለውን የጠብታ ጠርሙስ ነው። «ክዳኑ ሰማያዊ ነው» አለች። ደግማ «አንቺ፣ ሰማያዊ እኮ ነው!» አለች። ሞራ የዓይንን ሌንስ እያደር ቢጫ ስለሚያደርገው ሰማያዊ ቀለም በተለይ ይጠፋል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው እናቴ ክዳን እያየች መሆኗን ብቻ ነበር፣ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

እስከዚህ ድረስ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ፣ ሳላቅማማ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሁለት ብሰጠው ነው።

የጠብታው መመሪያ በደቃቅ ጽሑፍ የታተመ አንድ ወረቀት ነው። አንድ ዓይኗ ገና የተከፈተ፣ ሌላው ደግሞ በሞራ የተሸፈነ ሴት እንዴት ታንብበው? እኔ ባልኖር ማን ያነብላት ነበር? ጠብታው እንዴት እንደሚገባ፣ ለስንት ሳምንት እንደሚቀጥል በቃል ያስረዳን የለም፤ ሰው ብዙ ነው፣ መኪናው እየተጫነ ነው። ሁለት ሳምንት ሲሆን «ድኛለሁ» ብላ አቆመችው። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗ ቀላ፣ መቆርቆር ጀመረ። ካርዱ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም። ሌላ ቦታ ወስጄ አሳየኋት፤ ጠብታውን ቀድማ በማቆሟ የመጣ መቆጣት ነው ተባለ፣ ሌላ ጠብታ ታዘዘላት፣ ተሻላት። ሁሉም ሰው ግን ሌላ ቦታ የሚወስደው ልጅ የለውም።

ሌላም አለ። የተተካው ሌንስ እንደ ተፈጥሮው ትኩረቱን አይቀያይርም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ነው የሚስተካከለው፣ ስለዚህ ለቅርብ የንባብ መነጽር ያስፈልጋል። ይህን የነገረን የለም፣ መነጽርም አልነበራቸውም። እናቴ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት ቀዶ ጥገናው የተበላሸ መስሏት ስንት ቀን አዘነች! ሕንድ አሳም ውስጥ በሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ የተሠራ፣ በ2018 የታተመ ጥናት አለ፤ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑት የቅርብ መነጽር ሲሰጣቸው ምርታቸው ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ22 በመቶ ገደማ ጨመረ። ተራ የንባብ መነጽር ነው እንግዲህ። ዘመቻው አንድ ካርቶን ይዞ ቢመጣ ምን ነበረበት?

ደግሞም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከተተካው ሌንስ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ሊደበዝዝ ይችላል። ብዙ ሰው «ሞራው ተመለሰ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሞራ ግን አይመለስም፤ ይህኛው በሌዘር በጥቂት ደቂቃ ይጠራል። ይሄንንም ያነበብኩት ራሴ ፈልጌ ነው።

በመጨረሻው ቀን ስንት ሰው እንደታከመ በማይክሮፎን ተነገረ፣ ተጨበጨበ። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። ከወር በኋላ ስንቱ ደህና እንደሚያይ ግን የቆጠረ የለም፣ ምክንያቱም የመጣ የለም። አገሮች በ2021 በዓለም ጤና ጉባኤ ላይ የተስማሙበት ግብ እኮ በ2030 የሞራ ቀዶ ጥገና ሽፋን በ30 የመቶኛ ነጥብ ይጨምር የሚል ሲሆን፣ የሚቆጠረው ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሁሉ ሳይሆን ተደርጎለት በደንብ የሚያየው ሰው ነው። ሳይመለሱ ይሄ እንዴት ይታወቃል?

እንደማይቻል ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1976 ማዱራይ ውስጥ በ11 አልጋ የጀመሩት አራቪንድ የሚባል የዓይን ሆስፒታል አለ። የሚከፍለው ታካሚ ለማይከፍለው ይሸፍናል። እነሱ ምርመራውን ገጠር ወርደው ያደርጋሉ፣ ለቀዶ ጥገናው ግን ሰዉን በአውቶቡስ ወደ ሆስፒታላቸው ይወስዱታል፣ መልሰው ያደርሱታል፣ ለክትትል ደግሞ እዚያው ገጠር ድረስ ተመልሰው ይሄዳሉ። ኬንያ ውስጥም በትምህርት ቤቶች የተሠራ ጥናት አለ፤ የዓይን ችግር የተገኘባቸው ልጆች ወላጆች በስልክ መልእክት ሲታወሱ ሆስፒታል የሄዱት ልጆች 54 በመቶ ደረሱ፣ በተለመደው መንገድ የተላኩት ግን 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ የስልክ መልእክት! እናቴም «ጠብታውን እንዳታቆሚ» የሚል አንድ መልእክት ደርሷት ቢሆን ዓይኗ ባልቀላ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ዘመቻ ሲመጣ ሂዱ፣ ሰውም ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ሴቶችን። በብዙ አገር ሴቶች ለሞራ ቀዶ ጥገና ያላቸው ዕድል ከወንዶች ያነሰ ነው፣ አንዱ ምክንያት ይዟቸው የሚሄድ ሰው ማጣት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ጠብታው እንዴት እንደሚገባ አንዴ በፊታችሁ አስደርጉ፣ ከወር በኋላ ማን እንደሚያይላችሁ ጠይቁ፣ ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ እዚያው ቆማችሁ ደውሉና መነሳቱን አረጋግጡ። እኔ ይህን አላደረግሁም።

እናቴ አሁን መነጽር ገዝተንላት ክሩን መርፌ ውስጥ ታስገባለች፣ ግራ ዓይኗን ጨፍና። ግራው አሁንም ሞራ አለው። ተመልሰው መቼ እንደሚመጡ እስካሁን የነገረን የለም፤ እኔም ሌላ ቦታ መጠየቅ ጀምሬያለሁ።