ለሐዋሳዋ ‘ቲቸር’ ምስጋና፣ ልጅ ለምታሳድጉም ጥቆማ

ሐዋሳ ውስጥ ልጅ በድንገት ዝም ሲልባችሁ፣ ሲማታባችሁ ወይም ትምህርት ቤት ሲጠላባችሁ ወዴት እንደምትወስዱት ግራ የገባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። በጨዋታና በሥዕል ልጆችን፣ ወጣቶችንና ቤተሰብን የምትረዳ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለለመነችኝ ልጆቹ እንደሚጠሯት ‘ቲቸር’ እላታለሁ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እህቴ ካረፈች በኋላ ሁለት ልጆቿ ከዲላ እኛ ዘንድ መጡ። ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 6። ትንሹ ኬጂ ውስጥ አፉን አይከፍትም ነበር፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ያገኘውን ይመታል። ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናትም እንደገና ጀመረ። ትልቋን በየቀኑ ራሷን ያማታል፤ የዓይንም የደምም ምርመራ ተደርጎላት ምንም አልተገኘባትም። ጸበልም ወስደናቸዋል። ምክር ይሰጣል ተብለን በሄድንበት ሌላ ቦታ ደግሞ ልጁን ከትልቅ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው «በል ንገረን፣ ምን ሆንክ?» አሉት። የ6 ዓመት ልጅ ምን ብሎ ይንገራቸው? ጫማውን ሲያይ ቆይቶ ወጣ።

ቲቸር መጀመሪያ የጠራችው ልጆቹን ሳይሆን እኔንና ባለቤቴን ነው። የትንሹን አስተኛኘት፣ አበላሉን፣ ምን እንደሚያስደነግጠው ጠየቀች። የሽንት ምርመራ አድርጎ እንደሆነም አጣራች፤ አካላዊ ሕመም ካለ እሱ ይቅደም ባይ ናት። ከዚያ «ስለ እናቱ ምን ተብሎ ተነገረው?» አለች። ልጁ የተነገረው «እማ አዲስ አበባ ሄዳለች» ተብሎ ነበር። ለሕፃን መርዶ አይነገርም ብለው ዘመዶች የመከሩት ነው። ለካ በመናኸሪያ በኩል ባለፍን ቁጥር አንገቱን አስግጎ የሚያየው ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ኖሯል።

ይህን በደንብ አስረዳችን። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይገባውም፤ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይረዳዋል። «ተኝታለች» የተባለ ልጅ እንቅልፍ ሊፈራ ይችላል። «ሄዳለች» የተባለው ይጠብቃል፣ ሲሰለቸው ደግሞ ጥላኝ ሄደች ወይም እኔ ስላስቸገርኳት ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ የሚነገረውን ቃል በቃል አብረን አዘጋጀን፦ እማ በጣም ታማ ነበር፣ ሐኪሞች ብዙ ሞከሩ፣ ሰውነቷ መሥራት አቆመ፣ ሞተች፣ አንተ ባደረግኸው ነገር አይደለም። የነገርነው ቤታችን ነው፣ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ። አለቀሰ፤ ከዚያ ዳቦ ጠየቀ። ቲቸር ይህንንም አስቀድማ ነግራናለች፦ ልጅ ሐዘኑን በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚያስተናግደው፣ አልቅሶ ወዲያው ሊጫወት ይችላል፣ አልገባውም ማለት አይደለም።

ባለቤቴ መምህር ነው፤ ማስረጃ ሳያይ ሻይ እንኳ አይጠጣም። «ጨዋታ እንዴት ሆኖ ነው ሕክምና የሚሆነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ሳትቆጣ አስረዳችው። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስምንት መርሆች አስቀምጣለች፤ ዋናው ነገር ልጁ ይመራል፣ አዋቂው ይከተላል፣ ማንም አያጣድፈውም የሚለው ነው። በአሸዋ ሣጥንና በትንንሽ ምስሎች መሥራትን በ1920ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ የጀመረችው ማርጋሬት ሎወንፌልድ የምትባል ሐኪም ናት። በሥዕል ማከም የሚለውን ስያሜ ደግሞ በ1942 ያወጣው አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ እሱ ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ በተኛበት ሥዕል ሲያበረታው አይቶ ለሌሎቹ ሕሙማን አካፈላቸው። ባለቤቴ ቤት ገብቶ ስሞቹን አንድ በአንድ ሲፈትሽ አመሸና «እውነቷን ነው» አለኝ።

ክፍሏ ሰፊ አይደለም፤ ግን ሁሉም ዕቃ ሁልጊዜ እቦታው ነው የሚገኘው፤ ልጁ ባለፈው ሳምንት የተወውን በዚህ ሳምንትም እዚያው ያገኘዋል። የታጠበና የተነፋ አሸዋ በሣጥን፣ ሸክላ ጭቃ፣ ከለር፣ ከአሮጌ ካልሲ የተሰፉ አሻንጉሊቶች፣ የሐኪም መርፌና ማዳመጫ፣ ባጃጅ፣ ነጠላ የለበሱ ትንንሽ ሰዎች፣ ጀበናና ሲኒ አሉ። መደርደሪያው ላይ ልጆች ከጭቃ የሠሯቸው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ተደርድረዋል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የሚውል የሐዋሳ ልጅ ሌላ ምን ይሠራል! ስልክና ታብሌት ግን የለም። ሲዳምኛም ስለምትናገር ልጁ በቀለለው ቋንቋ ይጫወታል።

ልጁ የሚጫወተውን ዝርዝር አትነግረኝም። በጥቅሉ «ስለ መለያየት እየሠራ ነው» ትለኛለች፤ አደጋ ላይ የሚጥለው ነገር ካለ ብቻ እንደምትነግረኝ ከመጀመሪያው ተስማምተናል። እኔም ገብቼ እንድማር ልጁ በፈቀደበት ቀን ግን በዓይኔ አየሁ። ነጠላ የለበሰችውን አሻንጉሊት አሸዋ ውስጥ ቀበራት፣ አወጣት፣ እንደገና ቀበራት። እኔ ብሆን «ተው፣ ይህ ሟርት ነው» ማለቴ አይቀርም ነበር። እሷ አልከለከለችውም፤ «በደንብ ሸፈንካት… አሁን ደግሞ ልታያት ፈለግህ» ብቻ አለችው። ምን ማለቱ እንደሆነ አላስረዳችውም፣ አልጠየቀችውምም። በመጨረሻ አውጥቶ ከጀበናው አጠገብ አስቀመጣትና ቡና አፈላላት። ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ትነግረዋለች፤ 45 ደቂቃው ሲሞላም በቃ ነው፣ ልመና አይሠራም።

ገደብ የላትም እንዳትሉ። አሸዋ ወደ እሷ ሲወረውር በረጋ ድምፅ «ተናደሃል፣ ገብቶኛል። አሸዋ ግን ሰው ላይ አይወረወርም። ትራሱን መምታት ትችላለህ» አለችው። መጀመሪያ ስሜቱን መጥራት፣ ቀጥሎ ክልከላውን መናገር፣ ከዚያ ሌላ መንገድ ማሳየት ነው ነገሩ። እቤት ሞከርኩት፣ ለልጁ ሠራ። ለባለቤቴም በኳስ ሰዓት ሞክሬው ነበር፤ እሱ ላይ ገና ነው።

ትልቋ አሻንጉሊት ያለበትን ክፍል ስታይ «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብላ አኩርፋ ነበር። ቲቸር ለእሷ ጠረጴዛ፣ የቆዩ መጽሔቶች፣ መቀስና ቀለም አቀረበችላትና ራሷም ሌላ ወረቀት ይዛ ጎን ለጎን መሥራት ጀመረች። ብዙ ሳይነጋገሩ የሚያልፉ ቀናት ነበሩ። ወረቀቱን በጥቁር ሞልታው ስትወጣ እኔ ልቤ ወደቀ፤ ቲቸር ግን «ጥቁር ስለተቀባ ብቻ ሐዘን ነው ተብሎ አይፈረድም፣ ትርጉሙን የምታውቀው የሠራችው ናት» አለችኝ። በኋላ ልጅቷ የማስታወሻ ሣጥን ሠራች። የእናቷን ፎቶ፣ ከነጠላዋ ጥለት የተቆረጠች ቁራጭ፣ በእናቷ እጅ የተጻፈ የአስቤዛ ዝርዝር ከተተችበት። ለሙት ዓመቱ ዲላ ስንሄድ ይዛው ሄደች፣ አክስቶቿም በየተራ ከፍተው እያዩ ስለ እናቷ አወሩላት። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የተሳቀው በዚያ የአስቤዛ ዝርዝር ነው፤ እህቴ ስኳርን ሁለት ጊዜ የምትጽፍ ሰው ነበረች። (ይህን የጻፍኩት ልጅቷን አስፈቅጄ ነው።)

እኛንም አልተወችንም። በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ለዚያ ብቻ በተለየ ካርቶን ውስጥ ባሉ መጫወቻዎች፣ ልጁ እየመራ እንድንጫወት አሠለጠነችን። በርናርድና ሉዊስ ገርኒ የተባሉ ባልና ሚስት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ዘዴ ነው፤ ወላጁ ራሱ የልጁ ረዳት ይሆናል። ከባዱ ነገር አለማስተማር ነው። ላሟን ሰማያዊ ሲቀባት «ላም ሰማያዊ ናት እንዴ?» ላለማለት ምላስ መንከስ ነው። የቡና ጎረቤቶቼ «ለእቃቃ ብር ትከፍያለሽ?» ብለው ስቀውብኛል። አሁን አንዷ ልጇን ይዛ እየሄደች ነው፤ ማን እንደሆነች አልናገርም።

ተአምር ተሠራ አልልም። ሲጀመር እንዲያውም ትንሹ ለጥቂት ሳምንታት ባሰበት፤ ያፈነው ሲወጣ እንደዚያ ሊሆን እንደሚችል ነግራን ባትሆን ኖሮ እናቋርጥ ነበር። ዛሬ ኬጂ ውስጥ ያወራል፣ ኩኩሉ ሲጫወት ድምፁ ከአጥር ውጭ ይሰማል። አልጋው አልፎ አልፎ ይርሳል። የትልቋ ራስ ምታት በፈተና ሰሞን ይመለሳል። ቲቸር ጸበሉን አላስተወችንም፣ ሐኪምም አትተካም። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሲመጣ ቀጥታ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው የምትልከው። ወደ ሌላ ባለሙያ ብትሄዱም የት እንደተማረ፣ በልጅ ላይ ማን እንዳሠለጠነው፣ ምስጢር እንዴት እንደሚጠብቅ ጠይቁ። ጥያቄ የሚያስከፋው ከሆነ ውጡ።

ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእህቴን ልጆች አክብረሽ ይዘሽልናል፣ ዘርሽ ይባረክ።

ለምትደውሉ፦ ቅዳሜ ቶሎ ይሞላል፣ በሥራ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ይሻላል። ክፍያውን ከእሷው ጠይቁ፤ ሁለት ልጅ ለሚያመጣ ታስተያያለች። ስልክ ካላነሳች ከልጅ ጋር ናት ማለት ነው፣ ስልኳን ይዛ አትገባም። አጭር መልእክት ተዉላት፣ ማታ ትመልሳለች።