ቪ ኤይት በጅማ፦ ከ14 ወር በኋላ

በእኛ አገር «ቪ ኤይት» የሞተር ቅርጽ ሳይሆን ሹመት ነው። መኪናዋን ጅማ ባስገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አጋሮ ሄጄ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አቆምኩ። አንድ አባባ መጡና በመስኮት ማመልከቻ አቀበሉኝ። የመሬት ጉዳይ ነው። «አባባ፣ እኔ ቆርቆሮና ሚስማር ሻጭ ነኝ» ብላቸው አላመኑኝም። ታርጋው ኮድ 2 መሆኑን ማን አየው!

መኪናዋ የ2003 ሞዴል ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ናት። ሆዷ ሲከፈት የላንድክሩዘር 100 እህት ናት። 4.7 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ አራት አራት ሆነው በቪ ቅርጽ የተቀመጡ። ስገዛት 212,000 ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር፤ አሁን 231,000 ገብታለች። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ኮሮላ ነው የነዳሁት። ስለዚህ ንጽጽሬ ሁሉ ከኮሮላ ጋር ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መጀመሪያ ያስለመደችኝ መጥፎ አመል እየሠራች ሳለ ቁልፉን ደግሞ ማዞር ነው። አትሰማማ! ቆማ ስትሠራ መሪውን በጣቴ ነክቼ ነው የማረጋግጠው። ምክንያቱ ሲገባኝ ቀላል ነው። አራት ሲሊንደር ላይ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚን ይቃጠላል። ስምንት ላይ በየሩብ ዙሩ ነው። አንዱ ገፍቶ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል።

ጥቅሟን ያየሁት ግቤ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግቤ ድልድይ ወደ አበልቲ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። በኮሮላ ኤሲ አጥፍቼ፣ ከሲኖትራክ ኋላ ጭስ እየጠጣሁ ነበር የምወጣው። አሁን መንገዱ ጥርት ሲል ነዳጁን ትንሽ ረገጥ ማድረግ ይበቃል። ድምጿ እንኳ አይለወጥም። የደላላ ወሬ ግን አትመኑ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሳሳ አየር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይጎድልበታል። 230 የፈረስ ጉልበት ሲሏችሁ 190 ብላችሁ ያዙት። ለእኔ ግን ተርፎኛል።

ነዳጅ? ኧረ ተዉኝ። እዚሁ ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ፣ ከመርካቶ ቤት ስል በሊትር 5 ኪሎ ሜትር። አገር አቋራጭ 7። በ14 ወር ከ3,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ጠጥታለች። ታንከሯ 96 ሊትር ይይዛል። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ተሰልፌ ሳስሞላ፣ ከኋላዬ የነበረ ባለባጃጅ ቆጣሪውን እያየ «ጋሼ፣ ለእኛም አስተርፍልን እንጂ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አፈርኩ። አጭር ጉዞ ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ብረትና ሰባት ሊትር ገደማ ዘይት አሙቃ ሳትጨርስ ደርሳችሁ ታጠፏታላችሁ።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር አለ። ስምንት መሆናቸው ችግር ይደብቃል። ኮሮላ ላይ አንድ ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚለኩሰው) ሲበላሽ መኪናው እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል። ይቺ ግን ከሳምንት በላይ በሰባት ሄዳ አላወቅኩም። ያስጠረጠረኝ የቤንዚን ሽታና ፍጆታው ነው። ስምንቱንም ካንዴላ የገዛሁት ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ ሲፈቱ ሦስቱ ፎርጅድ ሆነው ተገኙ። የሸጠልኝን ሱቅ ስም አልጠራም። የእኔም ስስት አለበት፤ ርካሽ ሲሉኝ ነው የሮጥኩት። ስምንት ካንዴላ፣ ስምንት ኮይል፤ ሁሉን በስምንት አባዙት።

ያ ቁልፍ ደግሞ የማዞር አመሌም ዋጋ አስከፈለኝ። በስምንተኛው ወር ሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣው) «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። መካኒኩ ባትሪ ይዞ ከሥር ገባ። ግማሽ ሰዓት ፈለገ። ብቅ ሲል ፊቱ ጭቃ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ሞተሪኖ የለውም እንዴ?» ለካ ያለው ከላይ ነው። በቪው ሸለቆ ውስጥ፣ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር ተቀብሯል። እሱን ለማግኘት ከላይ ያለው ሁሉ ተነሣ። ኮሮላ ላይ የአንድ ሰዓት ሥራ የሆነው ሁለት ቀን ፈጀ። ዕቃው እንኳ ያን ያህል አልተወደደም፤ የገደለኝ የእጅ ዋጋው ነው።

ከፍታ የሚያስተካክለው ሃይድሮሊክ እግሯ ለሊሙ ጭቃ አሪፍ ነው፤ ግን ከኋላ መድረቅ ጀምሯል። ብዙዎች አውጥተው ተራ ሞላ ያስገባሉ። እኔ ገና አልወሰንኩም።

ሞተሩ ራሱ በ14 ወር ዘይት አልጨረሰም፣ አልሞቀም፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልተወኝም። ያስቸገረኝ ሁሉ ዙሪያው ያለው ነው። ከጅማ የማትወጡ ከሆነ አትግዙ። በየወሩ ግቤን የምታቋርጡ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ነድታችሁ ወስኑ። ሌክሰስ ራሱ ከ2021 ጀምሮ ኤልኤክስን በቪ 6 ቱርቦ ነው የሚሠራው። እኛም ጋ በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደላላው «ሽጣት» እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። «ገና ነው» እለዋለሁ።

የታይሚንግ ቺንጋው በየ150,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። የእኔ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም፤ በገዛሁ ሰሞን ማስቀየር ነበረብኝ። ቺንጋውና የውሃ ፓምፑ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልከዋል፤ ሐሙስ ይታሰራሉ። መካኒኩ ያው ልጅ ነው። ስደውልለት «ከላይ ነው ከታች?» አለኝ።