ባለ ሦስት ፌዝ ጄኔሬተር ደሴ ላይ፦ ጎበዝ ዕቃ ነው፣ ለምጣድ ግን አይሆንም

መብራት በሄደ ቁጥር "ያንተ ጄኔሬተር እንዴት ነው፣ ልግዛ ወይ?" የምትሉኝ በዝታችኋል፣ እና አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። እኛ ቤት ያለው ካርቶኑ ላይ 6.5 ኪሎዋት የሚል፣ ባለ ጎማ፣ በቤንዚን የሚሠራ የቻይና ጄኔሬተር ነው፣ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይሉን በሦስት የተለያዩ መስመሮች አከፋፍሎ የሚሰጥ። በደፈናው ወድጄዋለሁ። በደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት ቾኩን ስበህ ሁለቴ ጎተት ስታደርገው ይነሳል፣ ጎማው ኮረኮንቹን ችሏል። ድምፁ ግን አይጣል ነው፣ ወላሂ ከነጎረቤቱ ነው የሚቀሰቅሰው።

ዋናው ነገር ሻጩ ያልነገረን ነው። "6.5 ነው፣ ምጣድ በለው ፍሪጅ በለው ሁሉንም ይችላል፣ አብሽር" ብሎ ነው የሸጠልን። 6.5ቱ ግን የሦስቱ ፌዝ ድምር ነው፣ ለሦስት ሲካፈል ለአንዱ 2 ኪሎዋት ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ እሱም በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ማክስ ስለሆነ ሁሌ የሚሰጠው ከዚያ ያንሳል (ጄኔሬተሩ ላይ የተለጠፈችዋን ፕሌት አንብቡ፣ ካርቶኑን ተዉት)። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው፣ እና የሚሰካው አንድ ፌዝ ላይ ነው። ሁለቱ ፌዞች ሥራ ፈተው ቁጭ ብለው አንዷ ብቻዋን ትጋያለች። ሞተሩ እኮ ምንም አላለም ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ሞተሩ የሚያየው ድምሩን ነው፣ የሚቃጠለው ውስጥ ያለው የመዳብ ጥቅልል ነው።

መስመሩን የዘረጋልን ኤሌክትሪሺያን ይሄን በዓይናችን አሳየን። ስቶቩን ብቻ አንዱ ፌዝ ላይ ሰካና ሜትሩን እያዟዟረ ለካ፣ ስቶቩ ያለበት ከ200 ቮልት በታች ወረደ፣ ባዶዎቹ 240 አለፉ። ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ኤቪአር የሚባለው ነገር እንዲህ ዓይነት ጄኔሬተር ላይ ሦስቱን ፌዝ ለየብቻ አያስተካክልም፣ አንዱ ወረደ ብሎ ከፍ ሲያደርግ ሁሉንም ነው አብሮ የሚያነሳው። እና ባዶው ፌዝ ላይ ቲቪያችሁና ራውተራችሁ ካለ እሱ ነው የሚመታው። ኒውትራሏ (የሦስቱም ፌዝ የጋራ መመለሻ ሽቦ) ከላላች ደግሞ ባሰ፣ ያኔ ትንሽ ሎድ ያለበት ፌዝ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ሰውዬው ኒውትራሏን ሁለቴ ነው ያጠበቃት።

እማዬ ይሄን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ እንጀራ ካልጋገረ ምን ሊሠራ ነው የመጣው?" አለችው። "እትዬ፣ እንጀራውን መብራት ሲመጣ ነው" ብሏት ሥራውን ቀጠለ።

ግቢያችን ቆጣሪው ስሪ ፌዝ ስለሆነ ማከፋፈሉ አልከበደም። አንዱ ላይ የዋናው ቤት ፍሪጅ፣ አምፖልና ቲቪ፣ ሁለተኛው ላይ የውሃ ፓምፑ ብቻውን፣ ሦስተኛው ላይ የተከራዮቹ ክፍሎች ሆነ። ፓምፑ አንድ የፈረስ ጉልበት ነው፣ ሲሠራ 1 ኪሎዋት አካባቢ ቢስብ ነው፣ ግን ሲነሳ ያንን ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ብቻውን ይሁን አለ። ፍሪጅም ሲነሳ እንደዚያው ነው። ካውያ በጄኔሬተር ክልክል ነው፣ ተከራዮቹ ተስማምተዋል (አንዱ አሁንም ይሰርቃል፣ ሞተሩ ሲያጓራ እናውቃለን)። ቤታችሁ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ ፌዝ) ከሆነና "ሦስቱን ፌዝ አንድ ላይ ጠምዝዤ አስገባላችኋለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ከግቢ አስወጡት፣ በፌዞቹ መሃል 380 ቮልት ነው ያለው፣ ሾርት ነው የሚሆነው።

ሌላው ማንም የማያወራው ከፍታው ነው። ደሴ ከባህር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱን 10 ከመቶ ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስስ ነዋ። ስለዚህ የኛው 6.5 እዚህ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ሲቆም ድምሩ ራሱ 5 አይሞላም፣ ኮምቦልቻ ያው ዕቃ ትንሽ ይሻላል። ጥቁር ጭስ ካበዛ ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት፣ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ ያላትን ትንሿን ነሐስ በጠባብ ይቀይሩላችኋል። የኛ ከተቀየረ በኋላ ጭሱ ጠፋ፣ ጉልበቱ ግን ያው ነው፣ ከፍታውን የሚያሸንፍ ነገር የለም።

ወፍጮ፣ የእንጨት ማሽን ወይ ሌላ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ያለው ሰው ሎዱን ማከፋፈል ከቻለ ይግዛው፣ ሞተሩ ሲነሳ የሚስበውን ግን ቀድሞ ያስለካ። ለመኖሪያ ቤት ከሆነ ሲንግል ፌዙን ውሰዱ፣ ወይም ደግሞ 220 እና 380 የሚቀይር ማብሪያ ያለው ዓይነት አለ፣ እሱ ወደ 220 ሲዞር ሙሉ ጉልበቱን በአንድ መስመር ይሰጣል፣ ምጣድም በዚያ ነው የሚታሰበው፣ እሱም ሌላው ሁሉ ጠፍቶ። ሱቅ ስትሄዱ ማብሪያው አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው።