ፕሪንት የተደረገ ብረት ወይስ ድፍን ብረት፣ ቶርኖ ላይ የቱ ይሻላል?
ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ለምትሰሩ ልጆች፣ በብረት ፕሪንተር (ብረት በስሱ እየደራረበ ዕቃ በሚሰራ ማሽን) የወጣ ዕቃ መጥቶ ጨርሱልን ቢሏችሁ ከለመዳችሁት ድፍን ብረት ጋር ልዩነቱ ሰፊ ነው (ፕሪንት ሲባል አልቆ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው)። ድፍኑን ቻክ (ቶርኖው ዕቃውን የሚነክስበት) ላይ አስራችሁ መቅረፅ ነው በቃ። የፕሪንቱ ግን ብዙ ጊዜ ቅርፁ ጠማማ ስለሚሆን የሚታሰርበት ቦታ ይጠፋል፣ ስለዚህ ገና ዲዛይን ሲደረግ መያዣ ተጨምሮለት በኋላ ቢቆረጥ ይሻላል፣ ደሞ ፊቱ ሻካራ ነው፣ በሌዘር ከብረት ፓውደር የተሰራ ሻካራነቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን (የሚሊ ሺኛ) ይሆናል፣ ቤሪንግ የሚገባበት ቦታ ደግሞ 1 ማይክሮን አካባቢ ይፈልጋል፣ እና ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ትርፍ ካልተተወለት ምኑን ትቀርፁታላችሁ?

ትልቁ ጣጣ ሙቀቱ ነው። ሌዘሩ በስሱ እየደራረበ ሲያቀልጥ ውስጡ ውጥረት ይቀራል፣ ከተሰራበት ፕሌት ሳይነሳ ፈርነስ (ማሞቂያ ምድጃ) ካልገባ ሲቆረጥ ሊጣመም ይችላል። ድፍንም ውጥረት አያጣም፣ ግን እንደዚህ አያስቸግርም።

ለሻፍት፣ ለቡሽ፣ ለፍላንጅ ድፍኑን ቅረፁ፣ ፕሪንት ብር ማቃጠል ነው። ውስጡ የተጠማዘዘ የውሃ መንገድ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ማውጫ ሞልድ ከሆነ ግን ድሪል እዛ አይደርስም፣ ያኔ ፕሪንት።